ለአንድ ልጅ የተከፈተ ብልቃጥ

ግራ ትከሻዬ ከቀኙ ዝቅ ይላል። ልብስ ሰፊ ሁሉ ይነቃብኛል፤ ሜትሩን ጀርባዬ ላይ እንደዘረጋ «እትዬ፣ ምን ተሸክመው ነው የኖሩት?» ይለኛል። የክትባት ሳጥን ነዋ! ከጤና ጣቢያችን ተነስቼ ዳገቱን እስከ እንጦጦ ባሕር ዛፍ ድረስ፣ በታች በኩል ደግሞ ከወሰን ሰፈር ጋራዦች ጀርባ እስካሉት የኪራይ ቤቶች፣ ክረምት ከበጋ ያንን ሰማያዊ ሳጥን በግራ ትከሻዬ አንግቼ ኖርኩ።

አሁን ሳጥኑን ለሌላ ሰው አስረክቤያለሁ። ዕድሜዬ ለጡረታ ገና ነበር፤ በገዛ ፈቃዴ ነው የወጣሁት። ወረቀቱ የራሱ ጣጣ ነበረው፣ እሱን እንተወው። ሰው «ምነው አስካለ፣ ገና በጉልበትሽ?» ሲለኝ «ደከመኝ» እል ነበር። አልደከመኝም። ዛሬም ሳጥኑን ብትሰጡኝ ዳገቱን ከወጣቶቹ እኩል እወጣዋለሁ። የወጣሁት ፈርቼ ነው።

የፈራሁት ለልጄ ነው። ረድኤት ትባላለች፤ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ከእሷ ሌላ ልጅ የለኝም። ካቻምና መገጣጠሚያዋን ያማት፣ ፊቷ ላይ እንደ ቢራቢሮ ክንፍ የተዘረጋ ቅላት ይወጣባት ጀመር። ከአንዱ ሐኪም ወደ ሌላው ስንል ከርመን መጨረሻው ሉፐስ ነው ተባለ። በሽታ ሊከላከልላት የተፈጠረው የራሷ ሰውነት፣ መልሶ ራሷን ያጠቃል ማለት ነው። የታዘዘላት መድኃኒት ያንን መከላከያ ያበርደዋል። ሕመሟም በዚያው በረደላት፤ ተመስገን። ሐኪሙ ግን አስቀምጦ እንዲህ አለኝ፦

«እናቴ፣ መከላከያዋ ሲዳከም ከውጭ የሚመጣውንም የሚመክትላት ያንሳል። ለሌላው ልጅ ቀላል የሆነው ለእሷ ይከብዳል። በተለይ ኩፍኝ እንዳይጠጋት።»

«በሕፃንነቷ ተከትባለች እኮ፤ የጤና ጣቢያችን ነርስ ሲስተር ዘነበች ራሳቸው ናቸው የወጓት» አልኩት።

«እሱ ይረዳታል። ግን አሁን ባለችበት ሁኔታ በእሱ ብቻ ተማምኜ አልምልልዎትም። የኩፍኝ ክትባት ደግሞ ሕያው ስለሆነ ይህን መድኃኒት እየወሰደች አልደግምላትም።»

እንግዲህ እኔ የምውለው የት ነው? የሚያስለውም፣ የሚያተኩሰውም፣ ሽፍታ የወጣበትም መጀመሪያ በሚመጣበት ቤት! ከዚያ ተነስቼ ማታ ልጄን አቅፌ ልስም? አልሆነልኝም። ማመልከቻ አስገባሁ።

በሽኝቴ ቀን «ንግግር አድርጊ» ሲሉኝ አልቅሼ ተቀመጥኩ። ያን ቀን ያልተናገርኩትን ነው አሁን የምጽፈው። የፊደል ስህተት ብታገኙ እለፉኝ፤ ትምህርቴ እስከ አራተኛ ክፍል ነው። ሥራዬን ግን አውቀዋለሁ።

ጤና ጣቢያ የገባሁት በጽዳት ነው። አንድ ቀን ኮሪደሩን ወልውዬ ባልዲዬን ሳነሳ ነጭ ጋውን የለበሱ፣ አጠር ብለው ደንደን ያሉ ሴት ከፊቴ ቆሙ። ሲስተር ዘነበች ነበሩ፤ የክትባት ክፍሉ ነርስ።

«አንቺ፣ ቁሚ እስቲ።»

ያበላሸሁት ነገር ያለ መስሎኝ ደነገጥኩ።

«ከክትባት ክፍሉ ጀምረሽ ወደ ሽንት ቤቱ ነው የወለወልሽው። ለምን?»

«ታዲያ ከሽንት ቤት ጀምሬ በዚያ መወልወያ ሕፃናቱ ጋ ልግባ?»

«ማን አስተማረሽ?»

«ማንም። ያስጠላል እኮ!»

ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። «ነገ ከእኔ ጋር መስክ ትወጫለሽ። የሚያስጠላውን የሚለይ ሰው ነው ያጣሁት።»

በማግስቱ ሳጥኑን ትከሻዬ ላይ አደረጉልኝ። በዚያው ተሸካሚ ሆኜ ቀረሁ።

ሰው መሸከም ብቻ ይመስለዋል። ዋናው ነገር ጠዋት ነው ያለው። አይስ ፓኩ፣ ውሃ የተሞላው ማቀዝቀዣ ፕላስቲክ፣ ከፍሪዘር እንደወጣ ሳጥን ውስጥ አይገባም። ጠረጴዛ ላይ ይደረደርና እስኪያልበው ይጠበቃል። ከዚያ አንድ በአንድ እያነሱ ጆሮ ሥር መነቅነቅ ነው። ውስጡ ውሃ ሲንቦጫረቅ ከተሰማ ደርሷል፤ ካልተሰማ ይመለሳል። ለምን ቢባል አንዳንዱ ክትባት በረዶ ከሠራ ሞተ ማለት ነው። ሲያዩት ምንም አይመስልም፤ ልጁም ተወግቶ ያለቅሳል፣ እናትም አስከተብኩ ብላ ትሄዳለች፣ ግን ባዶ ነው። የኩፍኙ ደግሞ ብርዱን ይችላል፤ የሚገድለው ሙቀትና ፀሐይ ነው። ሁለቱም የሚጓዙት በአንድ ሳጥን ነው። ሲስተር «አማትና ምራት በአንድ ጎጆ» ይሏቸው ነበር። «መሀላቸው ያለሽው አንቺ ነሽ አስካለ። ሁለቱንም ሳታስቀይሚ አድርሺልኝ።»

ዳገት ላይ ሳርፍ ሳጥኑን ጥላ ሥር አስቀምጬ እኔ ፀሐይ ላይ እቀመጥ ነበር። እንጨት ተሸክመው የሚወርዱት ሴቶች ይስቁብኛል። «አንቺ ሴት፣ ሳጥኑ ነው ነፍስ ያለው?» ይሉኛል። «አዎ» እላቸዋለሁ።

ሲስተር ዘነበች የራሳቸው ልማድ ነበራቸው። እጃቸውን እስከ ክርናቸው ታጥበው በፎጣ አይነኩትም፤ ሁለቱን እጆቻቸውን ወደ ላይ ዘርግተው ነፋስ እስኪያደርቀው ይቆማሉ። እንጦጦ ላይ የማያውቃቸው ሰው ጸሎት ላይ ያሉ መስሎት ነጠላውን አስተካክሎ አብሯቸው ይቆም ነበር። ቤት ሲገቡ ደግሞ ስለ ክትባት አያነሱም። «ምን ሰማሽ?» ነው የሚሉት እናትየዋን። እሷም የሰማችውን ትዘከዝካለች፤ መካን ያደርጋል፣ ትኩሳት ያመጣል፣ የእገሊት ልጅ ከተከተበ በኋላ ታመመ። አያቋርጧትም። ስትጨርስ «ትኩሳቱ እውነት ነው» ብለው ይጀምራሉ። ከእውነቱ ስለሚጀምሩ ቀሪውን ታምናቸዋለች።

ሦስተኛው ልማዳቸው ከውሻ ጋር ነው። እንጦጦ ላይ የክትባት ሠራተኛ ጠላቱ ዳገቱ እንዳይመስላችሁ፤ ውሻ ነው። ከደብሩ ጀርባ ብርቄ የምትባል እንጨት ለቃሚ ነበረች። ውሻዋ መቻል ይባላል፤ ስሙን ያወጣው ሰው ቀልደኛ መሆን አለበት፣ እሱ ምንም የሚችለው ነገር አልነበረም። መጀመሪያ የሄድን ቀን ሳጥኔን ጭንቅላቴ ላይ አድርጌ አጥር ላይ ልወጣ ደረስኩ። ሲስተር ግን ሻርፓቸውን ከአንገታቸው ፈቱና በአጥሩ ቀዳዳ ወረወሩለት። ያዘው፣ አሸተተው፣ ነከሰው፣ እንደገና አሸተተው።

ብርቄ ከማጀት ወጥታ፣ «ውይ ሲስተር! ውሻዬን ምን እያስተማሩት ነው?»

«እኔን።»

«ሌባ ቢሆኑስ ኖሮ?»

«ሌባ ብሆን ሻርፔን ማስሸተት ሞኝነት ነበር» አሉና ሳቁ። «ግን አየሽ ብርቄ፣ ክትባት ማለት ይኸው ነው። የሌባውን ልብስ ቀድመሽ ለውሻው ማስሸተት። ልብሱ አይሰርቅም፣ አይገድልም። ውሻው ግን ሽታውን ይይዛል። ሌባው ራሱ የመጣ ዕለት በር ሳይደርስ ይጮህበታል።»

ብርቄ ያን ጊዜ ሴት ልጇን ስንዱን ወልዳ አራስ ነበረች። ሲስተር እዚያው ደጃፍ ተቀምጠው ነገሩን አፍታቱላት፤ እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ የገባኝ ያን ቀን ነው። ቆዳ አጥር ነው፤ ሳይቀደድ ማንም አያልፍም። የአፍንጫ እርጥበት አጥሩ ሥር ያለ ጭቃ ነው፤ የመጣውን ይይዛል። ያንን ያለፈውን የሚያገኘው ዘበኛው ነው፤ ዘበኛው ሁሉንም አይለይም፣ ያገኘውን ይደበድባል፣ እሳትም ያነዳል፤ ትኩሳት የምንለው እሱ ነው። ውሻው ግን ይለያል። መልመድ ላይ ቀናት ይፈጅበታል፤ ከለመደ በኋላ ለዓመታት አይረሳም።

«እንግዲያው ለስንዱ ሁሉንም ዛሬ ያስሸትቱላት!» አለች ብርቄ።

የብርቄ አማት ከውስጥ ሆነው «ክርስትና ሳትነሳ መርፌ? አይሆንም!» አሉ። ሴት ልጅ ሰማንያ ቀን ሳይሞላት ከቤት አትወጣም፣ እንግዳም ብዙ አይጠጋትም። ሲስተር አልተከራከሩም። «እሺ እማማ፣ የክርስትናዋ ማግስት እኔው እመጣለሁ» አሉ፤ መጡም። የዘገየውን ሁሉ ቀስ በቀስ ሰጧት። የኩፍኙን ግን «ዘጠኝ ወር ሲሞላት» አሉ። ብርቄ ለምን ስትል ደግሞ፣ «አሁን የአንቺ ውሻ ነው የሚጠብቃት። በማሕፀን እያለች ያዋስሻት ነው። እሱ እቤት እያለ የሌባውን ልብስ በር ላይ ይነጥቅና የእሷ ቡችላ ሳያሸት ይቀራል። ያንቺው ውሻ ሲያረጅ ነው የእሷ የሚማረው» አሏት።

ብርቄ ይህን ያዘች። እንጨት ለቃሚዎቹ ሲሰበሰቡ ከሲስተር በላይ አሳምራ ትናገረው ነበር።

ዘጠኝ ወር ሲሞላ ብርቄ ስንዱን አዝላ ወደ ጤና ጣቢያው ወረደች። የኩፍኝ ቀን አልነበረም። ይህን ለማያውቅ ልንገረው፤ የኩፍኙ ክትባት ዱቄት ነው፣ በውሃው ይበጠበጣል፣ አንዱ ብልቃጥ ለአሥር ልጅ ነው። ከተበጠበጠ በኋላ ስድስት ሰዓት ካለፈው መደፋት አለበት። ስለዚህ ኃላፊያችን «ለአንድ ልጅ ብልቃጥ አይከፈትም» የሚል ደንብ ነበራቸው። «ለአንዷ ብላችሁ የዘጠኙን ልትደፉ ነው?» ይሉ ነበር። ክፉ ሰው አልነበሩም። ከላይ የሚጠየቁት ስለባከነ ብልቃጥ ነው፤ ተከትቦ ስላልሄደ ልጅ የሚጠይቃቸው አልነበረም።

ሲስተር ደንቡን አከበሩ። «ሐሙስ ነይ ብርቄ» አሏት። ሐሙስ መጣች። ዝናብ ነበረና የመጡት ሁለት ልጆች ብቻ ናቸው። አልተከፈተም። «የሚቀጥለው ሐሙስ ነይ።» ከእንጦጦ ወርዶ መመለስ ለእንጨት ለቃሚ የቀን እንጀራዋ ነው። የሚቀጥለው ሐሙስ አልመጣችም።

ኩፍኝ በዚያ ክረምት ማብቂያ ወደ ላይ ሰፈሮቹ ገባ። እንደሰማን ወጣን። የብርቄ ቤት በሩ ተገርብቧል፣ መስኮቱ በብርድ ልብስ ተሸፍኗል፣ ከማጀቱ ጭስ አይወጣም። ኩፍኝ ሽታ አይወድም ይባላል፤ የታመመ ልጅ ባለበት ቤት አይጠበስም፣ አይቁላላም። ጭሱን ሳጣ ገባኝ።

መቻል ከአጥሩ ሥር ወጣ። ሲስተርን አየና ጅራቱን ቆላ። የሲስተርን ሻርፕ ያወቀው ውሻ ያን ቀን ሳይጮህ አስገባን። ውስጥ የተኛችው ልጅ ግን ሌባዋን የማወቅ ዕድል አልተሰጣትም ነበር።

ሳንባዋ ተይዞ ነበር። ሲስተር በሻርፓቸው ጠቅልለው አቀፏት፤ ሳጥኑን እዚያው ጥዬ ከኋላቸው ሮጥኩ። እስከ መንገዱ በእግር፣ ከዚያ በሰው መኪና፣ ሆስፒታል አደረስናት። አልተረፈችም።

ብርቄ አልጮኸችም። ሆስፒታሉ ደጅ መሬት ላይ ተቀምጣ፣ ሲስተርን ቀና ብላ እያየች አንድ ነገር ብቻ ተናገረች።

«ሁለቴ ይዣት ወረድኩ።»

ለብዙ ጊዜ ያችን ቃል እሰማት ነበር፤ ዳገት ላይ፣ አይስ ፓክ ስነቀንቅ፣ ወለል ስወለውል። ረድኤት ያን ጊዜ ገና አልተወለደችም።

ብርቄ በሯን ዘጋችብን። አልፈረድንባትም። በዚያ ስናልፍ መቻል ብቻ እየወጣ ይሸኘናል።

ከዚያ ዓመታት አለፉና አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ ክትባት ክፍሉን እየጠረግሁ ሳለ በሩ ላይ ሰው ቆመ። ብርቄ ናት፤ ወንድ ልጅ አዝላለች። ሲስተር ብድግ አሉ።

«ዛሬ ሐሙስ አይደለም» አለች ብርቄ።

«አውቃለሁ።»

«አንድ ልጅ ነው ያለኝ።»

«አያለሁ።»

ሲስተር እጃቸውን ታጠቡ፣ ወደ ላይ ዘርግተው አደረቁ። ከዚያ ብልቃጡን አውጥተው ብርቄ ዓይን ፊት ከፈቱት። ልጁ ተወጋ፣ አለቀሰ፣ ብርቄም ያን ጊዜ አለቀሰች። ለስንዱ ይሁን ለልጁ እንጃ።

ኃላፊያችን ሰምተው መጡ። «ሲስተር፣ የዘጠኙን ብክነት ማን ይመልስልኛል?»

«የስንዱን ማን መለሰልኝ?»

ኃላፊው ተመልሰው ሄዱ። ሲስተር ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺ ደግሞ ምን ትጠብቂያለሽ? ብልቃጡ ተከፍቷል። ውጪና ጥሪ!»

ወጣሁ። ሰፈር ለሰፈር እየሮጥኩ «ብልቃጥ ተከፍቷል! ኩፍኝ ያልወሰደ ልጅ ያላችሁ!» እያልኩ ጮኽኩ። ያን ቀን የተደፋ አልነበረም። በዚያው ልማድ ሆነ፤ መጀመሪያ ይከፈታል፣ ከዚያ ይጠራል። ሲስተር ጡረታ ወጥተው ደብረ ብርሃን እህታቸው ጋ እስኪገቡ እንዲሁ ሠራን። እሳቸው ሲሄዱ ሻርፓቸውን ለእኔ ሰጡኝ። «ለውሾቹ» አሉኝ።

ወደ አሁኑ ልመለስ። ሥራ ለቅቄ ቤት ከዋልኩ ወዲህ ግቢያችን ውስጥ አዲስ ተከራይ ገብታለች። ሰላም ትባላለች፤ ከአዋሳ የመጣች፣ ጉርድ ሾላ ቢሮ የምትሠራ ደግ ልጅ ናት። ናቲ የሚባል ገና የሚድህ ልጅ አላት። ናቲ በር ከተከፈተለት የሚሄደው አንድ ቦታ ነው፤ ወደ ረድኤት። ልጄም እሱን ይዛ ስትስቅ ሕመሟን ትረሳለች።

በቅርቡ ሰፈራችን ውስጥ ኩፍኝ ገባ ተባለ። ከእኛ አልፎ ሁለተኛው ግቢ ውስጥ አንድ ልጅ ሽፍታ ወጣበት። ያን ዕለት ጠዋት ሰላም ለሥራ ስትወጣ በሩ ላይ ያዝኳት።

«ሰላምዬ፣ ናቲ የዘጠኝ ወሩን ወስዷል አይደል?»

«የመጀመሪያዎቹን በሙሉ ወስዷል እትዬ። የዘጠኝ ወሩን እኔ ራሴ ይዤው ሄጄ ነበር፤ ልጅ ሲሰበሰብ ሐሙስ ነይ አሉኝ። ሐሙስ ደግሞ ሚቲንግ ነበረኝ። ከዚያ በቃ፣ ቢዚ ሆንኩ። ቅዳሜ እጠይቃለሁ፣ እሺ?»

ሐሙስ ነይ። «ለልጅሽ ነው፣ ዛሬ ይሁን» አልኳት፣ እንደ ሠራተኛ። «እሺ እትዬ፣ አትጨነቁ፣ ቅዳሜ!» ብላ ሰዓቷን አየች።

ልነግራት የሚገባኝን አልነገርኳትም ነበር። የረድኤትን ሕመም ከሐኪሟ በቀር የሚያውቅ የለም። ጎረቤት ሲጠይቀኝ «ደም ማነስ ነው» እላለሁ። ሴት ልጅ ናት፤ ነገ ትዳር አላት፤ የሰው ዓይንም አለ። በሥራ ዘመኔ ሁሉ በር ዘግተው ልጅ የሚደብቁ እናቶችን ሳንኳኳ ኖሬ፣ የእኔ ቤት በር ነው የተዘጋው።

ሰላምን «አንድ ደቂቃ ቆዪኝ» ብዬ ወደ ቤት ሮጥኩ። ረድኤት አልጋዋ ላይ መጽሐፍ ይዛለች።

«ለሰላም ልንገራት? ስላንቺ?»

ቀና ብላ አየችኝ። «እማዬ፣ የደበቅሽው አንቺ ነሽ እንጂ እኔ አላፈርኩም።»

ተመልሼ ወጣሁ። በየቤቱ ስገባ «ለልጅሽ ነው» እያልኩ የኖርኩ ሴት፣ ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ለራሴ ለመንኩ።

«ሰላም፣ ለናቲ ብቻ ብዬ አይደለም። ለእኔ ልጅ ነው የምለምንሽ። ረድኤት ደም ማነስ አይደለም ያለባት። ሰውነት ውሻ አለው እንበል፤ በሽታ ሲመጣ የሚጮህ፣ የሚነክስ። የእሷ ውሻ የቤቱን ልጅ ነከሰ። ሐኪሞቹ በመድኃኒት አሰሩት። አሁን ሌባ ቢመጣ የሚጮህላት የጎረቤት ውሻ ነው። የናቲ።»

ሰላም ቦርሳዋ ከትከሻዋ ወረደ። እጇን አፏ ላይ አደረገች፤ ከዚያ ተቆጣች፣ የእውነት ተቆጣች።

«እትዬ አስካለ! ባለፈው ጉንፋን ይዞኝ አቅፌ ስሜያታለሁ እኮ! እንዴት አይነግሩኝም? ምን አደረግኳችሁ?»

«ፈርቼ ነው ልጄ።»

«እኔን?»

ስልኳን አወጣችና ለአለቃዋ ደወለች። «ዛሬ አልገባም። ፋሚሊ ኢመርጀንሲ ነው» አለች። ፋሚሊ ማለት ቤተሰብ እንደሆነ አውቃለሁ። ናቲን አንስታ ቀድማኝ ወጣች።

ክትባት ክፍሉ ውስጥ የማላውቃት አዲስ ነርስ ነበረች፤ ለጋ ልጅ ናት፣ ንጹሕ። ካርዱን አየችና፣ «እማማ፣ ዛሬ የመጣው እሱ ብቻ ነው። ከተከፈተ ስድስት ሰዓት ነው የሚቆየው። ሐሙስ ብዙ ልጅ...»

«ክፈቺው የኔ ልጅ። ሌሎቹን እኔ እጠራልሻለሁ።»

«ባይመጡስ?»

«ባይመጡም ክፈቺው። ይህ ክፍል ለአንድ ልጅ ከፍቶ ያውቃል።»

እኔን አየች፣ ናቲን አየች፣ ሰላምን አየች። የሰላም ዓይን ገና እንባ ነበረው። ነርሷ ተነስታ እጇን ታጠበች። ብልቃጡን አነሳች፤ ክዳኑ ጠቅ አለ።

የናቲን ለቅሶ ሰምቼ ወዲያው ወጣሁ። ሳጥን የለኝም፤ ትከሻዬ ባዶ ነው፤ መሮጥ እንደዚያ ቀሎኝ አያውቅም። በጋራዦቹ በኩል ስጮህ ዘይት የተቀቡት ልጆች ከመኪና ሥር ብቅ አሉ።

«ኧረ እትዬ አስካለ! ጡረታ ወጥተው የለም እንዴ?»

«ወጥቻለሁ። አንተ ልጅህ የት አለ?»

«እቤት ነው።»

«ኩፍኝ ወስዷል?»

«እንጃ፣ እናቱ ናት የምታውቀው።»

«እንጃ የሚባል ክትባት የለም! ደውልላት፣ ብልቃጥ ተከፍቷል!»

ሌሎቹ በሳቅ ፈረሱ፤ እሱ ግን እጁን በጨርቅ ጠርጎ ደወለ። ከኪራይ ቤቶቹ እናቶች ልጆቻቸውን እያዘሉ ወጡ፤ አንዷ ሊጥ እጇ ላይ እንዳለ መጣች። እሷን ይዤ ስመለስ አግዳሚው ሞልቶ ነርሷ ሁለተኛ ብልቃጥ ልትከፍት ነበር።

ውሻ ሽታ እስኪለምድ ጊዜ ይፈልጋል፤ ለኩፍኙ ሁለት ሳምንት ያህል ነው። ያን ሁለት ሳምንት ሰላምና እኔ በሮቻችንን ዘግተን ቆየን። ናቲ በእናቱ እቅፍ መስኮታችን ሥር እየመጣ መስታወቱን ይላሳል፤ ረድኤት ከውስጥ ጣቷን ታስጠጋለታለች። ሁለቱም ይስቃሉ። እኔ ጠዋትና ማታ ልጄን ግንባሯን እዳስሳለሁ። ከውጭ ስገባ እጄን እስከ ክርኔ ታጥቤ፣ ወደ ላይ ዘርግቼ አደርቃለሁ። ሰላም አይታኝ «እትዬ፣ ለእኛም ይጸልዩልን» አለችኝ። ጸሎት እንዳልሆነ አልነገርኳት፤ በዚያን ሰሞን ሆኖም ይሆናል።

ሁለተኛው ግቢ ያለው ልጅ ዳነ። ከእሱ ወዲህ በእኛ መስመር ሽፍታ የወጣበት የለም።

ፍርሃቴ አልለቀቀኝም፤ እናት ነኝ፣ የሚለቀኝም አይመስለኝም። ሥራዬን ግን አውቀዋለሁ፤ አጥር የት እንደሚቀደድ፣ ማን እንደሚጠራ፣ ብልቃጥ መቼ እንደሚከፈት።

ሁለት ሳምንቱ አልቆ ትናንት ከሰዓት በኋላ ሰላም በሯን ከፈተች። ናቲ ግቢውን እየዳኸ አቋርጦ ደፋችን ላይ ደረሰ፤ እጁ አፈር ብቻ ነው። ረድኤት ጎንበስ ብላ አየችው፣ ከዚያ እኔን አየችኝ። በእርጥብ ጨርቅ እጁን ጠረግሁለት። አነሳችውና ጉንጩን ጉንጯ ላይ ለጠፈች።

ከልምዴ የተነሳ በሩን ልዘጋ እጄን ዘረጋሁ። ከዚያ እንደተከፈተ ተውኩት።